በጆሮው የሚያነብ ልጅ

ማርያማዊት የልጇ ጣት የት ላይ እንዳረፈ ያየችው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ማኅበርተኛው እልል ብሎ፣ የባሏ አጎት መሪጌታ ዕንባቆም የልጁን ግንባር ስመው፣ የጠላው ጣሳ እንደገና መዞር ጀምሮ፣ እሷ የጸሎት መጽሐፉን ተቀብላ በጨርቁ ልትጠቀልለው ጎንበስ ስትል። የተክለ ጊዮርጊስ ጣት አሁንም ገጹ ላይ ነበር። ገጹ ግን የጸሎት ገጽ አልነበረም። ማተሚያ ቤቱ አድራሻውንና ስልኩን ያሰፈረበት፣ መጽሐፉን ያለ ፈቃድ ማባዛት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ያስጠነቀቀበት የመጀመሪያው ቅጠል ነበር።

ልጁ አንድ ሙሉ ጸሎት በግዕዝ፣ በዜማ፣ አንድም ቦታ ሳይሰናከል፣ በማተሚያ ቤት ማስጠንቀቂያ ላይ ጣቱን እየነዳ ተወጥቶታል።

ግራና ቀኙ ሁለት ቄሶች ተቀምጠው ነበር። ከኋላው ደግሞ ለማኅበሩ ከኮሶዬ የወረዱት መሪጌታ ዕንባቆም አንገታቸውን በትከሻው ላይ አስግገው ነበር፤ በደባርቅ መንገድ ባለው ደብር ሁሉ «ባሕር ናቸው» የሚባልላቸው ሰው። ከሦስቱ አንዳቸውም አላዩም። እንዴት ይዩ? የሚያውቁትን ቃል ሲሰሙ ዓይናቸውን ከድነው ራሳቸውን መነቅነቅ ነው የለመዱት። ቤት ሙሉ ሊቅ ተሰብስቦ አንድ የተገለጠ ዓይን አልተገኘም።

«ይኼን ልጅ በሰኔ ለዲቁና አቀርበዋለሁ!» ብለው አውጀዋል መሪጌታ፣ መጽሐፉ ገና ሳይዘጋ። «ከአያቱም ከአባቱም የወረደ ነው። ደም ነው፣ ደም!»

አሁን ምን ትበል? «ቆይ፣ ልጄ ማንበብ አይችልም» ትበል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ማርያማዊት መጽሐፉን ጠቀለለችና ፈገግ አለች። እሷ ከክፉ ነገር ሁሉ የመጨረሻውን ክፉ አስቀድማ የምታይ ሴት ናት። ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው፤ በር ሲንኳኳ መርዶውን ያመጣው ሰው ነው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከቆየ በሬሳ ሣጥን ሊመጣ ነው። አሁንም የታያት በጳጳሱ ፊት ቆሞ፣ የማያውቀው ገጽ ተሰጥቶት፣ አፉን ከፍቶ የቀረ ልጅ ነበር። ከዚያ ደግሞ ያው ልጅ አድጎ፣ ጺም አብቅሎ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እጁን ሲዘረጋ። ይኼ ሁሉ የታያት የጨርቁን ጫፍ አጥፋ ሳትጨርስ ነው።

እንግዶቹ ሲበተኑ ልጁን ወደ ጓዳ ጠራችው። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ላስቲክ አነሳች።

«ይኼን አንብብልኝ።»

«ማካሮኒ» አለ ወዲያው።

«ምኑን አይተህ?»

«ማካሮኒውን።»

ላስቲኩ ብርሃን የሚያሳልፍ ነበር፤ ማካሮኒው ከነመጠማዘዙ ይታያል። ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። ከመስታወቱ ጥግ የተሰካውን የሰርግ መጥሪያ አወጣች።

«ይኼንስ?»

«ሰርግ።» ቀለበቶቹን አይቶ ነው።

«የማንና የማን?»

ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጠጋ ብላ ብታዳምጥ ልጁ ከፊደል ገበታው ራስ፣ ከሀ ተነስቶ፣ የፊደሉን ቤተሰብ ሁሉ እየጠራ እየወረደ ነው። የሚፈልገው ፊደል ቤት ሲደርስ ቆመ፤ ደግሞ ከግዕዙ ጀምሮ በተርታ ቆጠረ፤ አገኘውና ጣቱን አንድ ፊደል ወደ ፊት ገፋ። ከዚያ እንደገና ከሀ።

«ምነው ከላይ ትጀምራለህ?»

«የት እንዳለ ለማግኘት ነዋ። ገበታው ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ እዚያ ሄጄ እፈልገዋለሁ። ግን ሦስተኛው ጋ ስደርስ የፊተኛው ይጠፋኛል።»

«ሌሎቹ ልጆችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «መሰለኝ። እነሱ ይፈጥናሉ። ሮጠው ነው የሚደርሱት።»

ማርያማዊት መጥሪያውን ወደ ቦታው መለሰች። አሥር ዓመቱ ነው። የፊደል ገበታን ከነዘሩ በቃሉ ያወርዳል፤ የቅዳሜውን ስብከት እሑድ ከነሳሉ ይደግመዋል። የሰርግ መጥሪያ ላይ ግን የሙሽራውን ስም ለማግኘት አገር ያቋርጣል። ይኼን እስከ ዛሬ ሳያውቁ የቆዩት ሊቃውንትና መምህራን ስንት እንደሆኑ ብትቆጥር ይመሽባታል።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የአራተኛ ክፍሉ መምህር በላቸው ከክፍሉ ደጃፍ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ እየሞቀ በስልኩ ቪዲዮ ያያል። ውስጥ ልጆቹ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ይገለብጣሉ፤ ማለት ግማሾቹ ይገለብጣሉ፣ ግማሾቹ ይደባደባሉ።

«የተክለ ጊዮርጊስ እናት?» አለ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «እሱ ልጅ ሰነፍ ነው። አፉ ግን! አፉን ለሬዲዮ ጣቢያ ማከራየት ነው።»

«ማንበብ እንደማይችል ያውቃሉ ወይ?»

«እናቱ፣ እዚህ ክፍል የታጨቀውን አይተዋል? የትኛው ማንበብ እንደሚችል እኔ በምን ልወቅ?»

«ታዲያ እንዴት አራተኛ ክፍል ደረሰ?»

«ሲጠየቅ ይመልሳላ። በቃሉ ከሁሉም አብልጦ ይመልሳል። ጻፍ ሲሉት ደግሞ ዶሮ የጫረው ይመስላል። እልከኛ ነው። የቄስ ልጅ ስለሆነ የኛን ትምህርት ንቆ ነው።» ከዚያ ቪዲዮው አሳቀውና ሳቀ።

መንግሥት ይኼን ሰው መምህር ብሎ ወንበር ሰጥቶታል። ማርያማዊት ሰደበችው፤ በሆዷ፣ ደህና አድርጋ። በአፏ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄደች። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ነበሩ። እንደ ጸሐፊያቸው አነጋገር ርዕሰ መምህሩ ከስብሰባ ወጥተው የሚያውቁ አይመስሉም። ጸሐፊዋ ግን ሰው ሆነችና «ከኋላ ያለችውን መስከረምን ጠይቂያት፤ አዲስ የመጣች ናት፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ነው የተማረችው» አለቻት።

መስከረም የተሰጣት ክፍል ዕቃ ቤት ነበር። ግማሹን እግር የሌላቸው ዴስኮች ሞልተውታል። እሷ ራሷ ከልጆቹ ብዙም የማትበልጥ፣ ጂንስ የለበሰች፣ ማስቲካ የምታኝክ የእንፍራንዝ ልጅ ናት። ማርያማዊት ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ተስፋ ቆረጠች። ይህቺን ነው የላኩልን አለች በሆዷ፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ይህቺን!

ልጅቷ ግን ተክለ ጊዮርጊስን አስጠርታ በዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ እስከ እረፍት ድረስ ያዘችው። ረጅም ተረት ነገረችው፤ አንድ ቃል ሳይጥል መለሰላት። አጫጭር ቃላት እያሳየች ጠየቀችው፤ ከንፈሩ ከሀ ጀመረ። አንድ ቃል ጠርታ «የመጀመሪያውን ድምፅ ብታነሣለት ምን ይቀራል?» አለችው፤ ጠፋበት። በመጨረሻ ትሪ ላይ አሸዋ አፈሰሰችና አንድ ፊደል በጣቱ እያስሳለች ድምፁን አስጠራችው፤ ደጋግማ፣ ሳትቆጣ። ከዚያ ልጁን ወደ ሜዳ ለቀቀችው።

«ዲስሌክሲያ የሚባለው ይመስለኛል» አለች።

ማርያማዊት የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። «ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ምኑ?»

«ልጄ። ስንት ጊዜ ይኖራል?»

መስከረም ልትስቅ ብላ ፊቷን አይታ ተወችው። «እትዬ፣ በሽታ እኮ አይደለም።»

«ስም አለው አይደል? ስም ካለው በሽታ ነው።»

«እርስዎም ስም አለዎት።»

«አትቀልጂብኝ ልጄ። ያብዳል?»

«አያብድም። አእምሮው ሙሉ ነው፤ እንዲያውም እኔ በሱ ዕድሜ ይኼን ያህል በቃሌ መያዝ አልችልም ነበር። እሱን የሚያስቸግረው ዓይኑ ያየውን ምልክት ጆሮው ከሚያውቀው ድምፅ ጋር ማገናኘት ነው። እኔና እርስዎ ፊደል ስናይ ድምፁ ሳንጠራው ይመጣል። ለሱ አይመጣም፤ ሄዶ መፈለግ አለበት። ቃሉን ሳይጨርስ ይደክመዋል። ሰነፍ የሚሉት ከሌላው ልጅ ሁሉ በላይ ሲለፋ የሚውለውን ልጅ ነው።»

«በምን ይድናል ታዲያ?»

«አይድንም። ይማራል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ በጣቱም በአፉም በጆሮውም። ይዘገያል፤ ግን ያነባል። መቆጣት፣ መምታት፣ ያንኑ ገጽ ሲያስገለብጡት መዋል አይረዳውም። መድኃኒት አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ በሩን ይዝጉበት።» ማስቲካዋን ወደ ሌላው ጉንጯ አዞረች። «ከዘርም ይወርዳል አንዳንዴ። ከቤተሰብ ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው አለ?»

«ከኛ ቤት?» ማርያማዊት ነጠላዋን አስተካከለች። «ባሌ እኮ ቄስ ነው!»

እያጉረመረመች ወጣች። አይድንም፣ ይማራል! ይኼን ለመናገር ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የላኳት? ሆኖም ወደ ቤት ሲሄዱ ልጁ የሰው አጥር ቆርቆሮ ላይ ያችኑ ፊደል በጣቱ እየሳለ ድምፁን ሲጠራ ሰማች። ከሀ አልተነሣም። ቀጥታ ነው የጠራው።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ጥምጥሙን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማት። ፊቱ ላይ ምንም የለም። እሷ ይኼን ፊት ታውቀዋለች፤ የመብራት ኃይል ሰው መጥቶ ወረቀት ሲሰጠው፣ ከትምህርት ቤት መልእክት ሲመጣ፣ «አንቺ እይው፣ ደክሞኛል» የሚልበት ፊት ነው። ይኼን ሰውዬ ዓለም አይገደውም ብላ ከናቀችው ዓመታት ሆኗል።

«ሰው እንዳይሰማ» አለ በመጨረሻ።

ሰው እንዳይሰማ ያለው ሰውዬ ራሱ ለአጎቱ ደውሎ ነገራቸው። መሪጌታ ዕንባቆም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ከኮሶዬ ከተፍ አሉ። ከጋቢያቸው ሥር ጥቁር ፌስታል፣ ከፌስታሉ ውስጥ በሃይላንድ ፕላስቲክ የተሞላ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ይዘዋል። እግራቸውን ሳይታጠቡ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ዓይነ ጥላ ነው።»

ዓይነ ጥላ የሚሉት በተማሪና በመጽሐፉ መካከል ይቆማል የሚባለው ክፉ መንፈስ ነው። የኔታ ያልገባቸው ነገር ሁሉ ስሙ ይኼው ነው።

«ይኼ የልቦና መክፈቻ ነው። ከጠጣ በኋላ የሰማው ነገር አይጠፋውም። ሰኔ ሳይገባ ድፍን መጽሐፍ ይወጣዋል።»

ማርያማዊት የፕላስቲኩን ክዳን ከፍታ አሸተተችና ክዳኑን መልሳ አጠበቀችው። ልቦና መክፈቻ ሲሏት ገብቷታል፤ አብሾ ነው። በየቆሎ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ቃል አልያዝ ሲለው የሚያጠጡት። አንዳንዱ ጠጥቶ ሊቅ ሆነ ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ እንደ እንኳየሁ ሆነ። እንኳየሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአራዳ ገበያ በላይ ማዳበሪያ ለብሶ ከጠዋት እስከ ማታ ዜማ ያወርዳል። ከተማረው አንዲት ቃል አልጠፋችውም፤ የጠፋው ሱሪ መታጠቅ ነው። የሚያልፉ ቄሶች ቆም ብለው «ጎበዝ ነበር እኮ» ይላሉ፤ አንድ ሳንቲም ይጥሉና ይሄዳሉ። ያጠጣው መምህር ማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

«ልጄ ይኼን አይጠጣም» አለች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ መሪጌታ፣ ሳይቆጡ፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ ብለሽ ነው? የማትሪኳ ወይዘሮ! ከናንተ ትምህርት ቤት የወጣ ሊቅ አሳዪኝ እስቲ።»

«መምህርቷ መድኃኒት አያሻውም ብላለች፣ የኔታ።»

«የትኛዋ መምህር?»

«የእንፍራንዟ።»

«ሱሪ የምትለብሰዋ?» መሪጌታ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «ሰማህ ወልደ ዮሐንስ? ቤትህን ሱሪ የለበሰች እያስተዳደረችልህ ነው።»

ወልደ ዮሐንስ ወለሉን ያያል። ማርያማዊት አየችው፤ አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ጠበቀች። የለም። ይኼን ያህል ጥምጥም ተሸክሞ አንዲት ቃል የለውም! ራት ለማቅረብ ወደ ጓዳ ገባች፤ ፕላስቲኩን ግን በብብቷ ይዛ ነበር። ሁለቱ ወንዶች ወደ ግቢ ወጡ። ልጁ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ እግሩን ይታጠባል። ከጓዳው ሆና የሚያወሩትን ልትሰማ ሞከረች፤ ማጉረምረም ብቻ ነው የሚሰማው።

ተጣርታ ሲገቡ የመሪጌታ ፊት በርቷል።

«እሺ ልጄ» አሉ እንጀራውን እየቆረሱ። «እናቱ ነሽ። ካልሽ ይቅር።»

ማርያማዊት ደነገጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እሷ ግን መሪጌታ ዕንባቆም በሕይወታቸው አንድ ነገር ሲተዉ አይታ አታውቅም፤ የተረፈ ዳቦ እንኳ አይተዉም። የሆነ ነገር አስበዋል። አፏ ዝም ማለት አቃተው።

«የኔታ፣ ደግሞ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ይኼ መጠጥ የሚጠጣው ቃል እንዲይዝ ነው አይደል? የኔ ልጅ ቃል መቼ ጠፋው? የሰማውን ሁሉ ይዞታል። የቸገረው ማየትና መጥራት ነው። ለማይጎድለው ነገር ነው የምታጠጡት?»

«የሰማውን ሁሉ ይዞታል?» መሪጌታ ሳቁ፤ አፋቸው ውስጥ ያለው እንጀራ እስኪታይ። «እኔ ስንቱን ደቀ መዝሙር አስተማርኩ መሰለሽ? አንዴ ሰምቶ የሚይዝ አላየሁም። ና አንተ ልጅ! ቁም እዚህ።»

ተክለ ጊዮርጊስ መጥቶ ቆመ።

«በቅርቡ የሰማኸውን በል። ከመነሻው።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን። እናትህ ትኩራብህ።»

የታዘዘ ልጅ ነው። ሽማግሌ በል ሲለው እንደለመደው እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ዓይኑን ጨፈነ። ከአፉ የወጣው ድምፅ ግን የሱ አልነበረም፤ ሻከር ያለ፣ በአፍንጫ የሚያልፍ፣ የመሪጌታ የራሳቸው።

«ምነው እንዲህ ትቅለሰለሳለህ ወልደ ዮሐንስ? አሁን እሺ ብለን ሚስትህን እናዘናጋታለን። ነገ ከቅዳሴ መልስ ለቅሶ ትሄዳለች ብለኸኛል፤ ያን ጊዜ በማር ለውሼ አጠጣዋለሁ። ኮሶዬ ሌላም አለኝ። ከጮኸ በሩን ዘግተን እጁን እናስረዋለን፤ ለጎረቤት ወባ ነው በል።»

መሪጌታ እጃቸውን ከትሪው አነሡ። ልጁ ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። ድምፁ ቀጠነ፤ የአባቱ ሆነ።

«አያ፣ እኔንስ አጠጥታችሁኝ የለ? ያን ክረምት በገመድ ታስሬ ከረምኩ። መቼ ማንበብ መጣልኝ? ዛሬም የማላውቀው ገጽ ሲመጣ ላብ ያሰምጠኛል። አጠገቤ ያለው ሲያነብ እየሰማሁ ነው የምከተለው።»

ደግሞ ሻከረ።

«ታዲያ ምን ጎደለህ? ትቀድሳለህ፣ ትከበራለህ። ያቺ የማትሪኳ እንኳ አላወቀችብህም!»

ልጁ ዓይኑን ገለጠ። «ከዚያ እማዬ ራት ቀርቧል ብላ ተጣራች» አለ በራሱ ድምፅ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። «ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትክም» አለች ማርያማዊት። «ሂድ፣ አልጋህ ላይ ተቀመጥ።»

«ዓይነ ጥላው ነው!» አሉ መሪጌታ፣ እንጀራው በአፋቸው ደርቆ። «ዓይነ ጥላው ነው የተናገረው!»

«ዓይነ ጥላው የእርስዎን ድምፅ ከየት ተማረው?»

ተነሥታ ፕላስቲኩን ይዛ ወደ ግቢው ሽንት ቤት ሄደች፤ ፈሳሹን እስከ መጨረሻው ጠብታ ገለበጠችው። ተመልሳ ስትገባ ባሏን አየችው። እንደተቀመጠ ነው፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። የመብራት ኃይል ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መልእክት፣ «አንቺ እይው፣ ደክሞኛል»። ይኼን ያህል ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝታ ልቡ የደነደነ መስሏት ስትንቀው ኖራለች። ያን ሁሉ ሊቅ ዓይናችሁን ጨፈናችሁ ብላ ስቃበት ነበር። የሷ ዓይን ተገልጦ ምን አየ? ባሌ እኮ ቄስ ነው! ይኼንን ስትል ነጠላዋን ያስተካከለችው ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እዚህ ቤት ውኃ እንኳ አልጠጣም! እደብሩ ከመምህራኑ ጋር አድራለሁ። ልጁን ግን አልተውኩም። የዘራችን ልጅ ነው፤ ደንቆሮ ሆኖ አይቀርም። ተነሣ፣ ሸኘኝ!»

ወልደ ዮሐንስ ተነሣ። ከአጎቱ ኋላ፣ በትራቸውን ተሸክሞ፣ ውልፍት ሳይል ወጣ። ማርያማዊት ከደጃፉ ቆማ እስኪታጠፉ አየቻቸው። ሄደ። ያው ነው። አንዴ በገመድ ያሰሩት ሰው ገመዱ ቢፈታም አብሮ ይሄዳል።

ሰሞኑን በጸጥታው ምክንያት ባጃጅ በጊዜ ነው የሚገባው፤ መንገዱ ጭር ብሏል። ሳሎኑ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። አሁን መሪጌታ መምህራኑን ሰብስበው ይነግሯቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ተሰብስበው ይመጣሉ። ወይም ባሏ ነገ ጠዋት ሌላ ፕላስቲክ ይዞ ይመጣል። ወይም መንገድ ላይ የጥይት ድምፅ ይሰማል፣ ሰው ይወድቃል፣ ያም ባሏ ይሆናል። ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ የትኛው እንደሚከፋ ለመምረጥ እስኪቸግራት።

«እማዬ» አለ ልጁ ከአልጋው ላይ። «አባዬም ከሀ ነው የሚነሣው?»

«መሰለኝ።»

አሰበ። «እሱማ ሽማግሌ ስለሆነ ሳይደክመው አይቀርም።»

ሰኞ እሱና እሷ መስከረም ጋ እንደሚሄዱ ነገረችው፤ በሰኔ ዲቁና እንደሌለም ነገረችው። «ሸጋ» አለ፤ ዞሮም ተኛ።

የእግር ኮቴ ሰማች። ወልደ ዮሐንስ ብቻውን ነበር። ከደጃፉ ቆመ፤ ግባ እስኪሉት እንደሚጠብቅ እንግዳ።

«ሄዱ?»

«ሄዱ። ከኮሶዬ ሌላ አመጣለሁ ይላሉ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምንም።»

ምንም! ማርያማዊት ልትስቅ ቃጣት፤ መራራ ሳቅ። ታዲያ ምን ይላል? ከዚህ ሰው ምን ጠብቃ ነበር?

«ምንም አላልኩም» አለ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ደብሩ በር ላይ እንደ ልማዳቸው ጉልበታቸውን ወደኔ ዘረጉት። ሳልስማቸው ተመለስኩ።»

ፊቱን አየችው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያን ጉልበት ሳይስም ተለያይቶ አያውቅም። አንድ ትልቅ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ያደረገው ይኼ ነው፤ አንድ ጉልበት አለመሳም። ልጇ ነገ ሊታሰርባት ነበር፤ እሱ ጉልበት አልሳምኩም ይላታል። በጣም ትንሽ ነበር። ያም ሆኖ ከዚህ በፊት ከሰጣት ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ይኼም አናደዳት።

«ግባ» አለችው።

ገባ። የልጁን ብርድ ልብስ ከእግሩ በኩል ሳበለትና ከአጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሷ በሩን ገፋችው፤ መቀርቀሪያውን ወረወረች፤ ቁልፉን አንዴ አዞረች፣ ደግማ አዞረች፣ እጀታውን ስባ ሞከረችው። ከዚያ ቁልፉን ነቅላ፣ ባሏ እያየ፣ ጡቶቿ መካከል ከተተችው።